አንድ ሣጥን፣ ሁለት አባት

ከቡሬ ወጣ ብሎ
ጥቅምት 15 ቀን 1959 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለላቀው ይሄይስ፣ ድሬዳዋ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀርበው ሰላምታ ነበር፤ ዛሬ ግን ክስ ይቅደም። የላክህልኝ መነጽር ሰው የሚያሳብድ ነው። ባለፈው እሑድ አድርጌው ብወጣ የገዛ ዶሮዬ ሰጎን አክላ መጣችብኝና በር ዘጋሁባት። ቁንጫ ስፈልግ ያገኘሁት ጥጃ ነው። ቅዳሴ ላይ ደግሞ የመሪጌታ ገብረሰንበትን አፍንጫ ባየሁ ጊዜ ሳቄ አመለጠኝና በሴቶቹ በኩል ሳይቀር ተገላመጥሁ። ለአጎት የሚሆን ረጋ ያለ መነጽር ድሬዳዋ ውስጥ ጠፍቶ ነው?

ክሴን ጨረስሁ። አሁን እንደ ሰው ልጠይቅህ። እንደምን አለህልኝ? የቆላው ፀሐይ አላከሰለህም? እኛ ደህና ነን። ዳጉሳው አምሮበታል። እናትህ ሀብትነሽ ደህና ናት።

መነጽሩ ለአንድ ነገር ግን በጅቶኛል። እንደምታውቀው እኔ የትምህርት ቤት በር አልረገጥሁም፤ ፊደል የለየሁት መሪጌታ ልጆች ሲያስተምሩ በአጥሩ ቀዳዳ እያጮለቅሁ ነው። አሁን ትልቁን መጽሐፍ ከእሳቸው ተውሼ የነቢዩን የሕዝቅኤልን ክፍል ይዣለሁ። ሰውየው ሳይተኛ የሚያልም ሰው ነው። መንኮራኩር በመንኮራኩር ውስጥ ሲዞር አየሁ ይላል፤ አንተ ባቡር ቤት ስለምትሠራ ምናልባት ታውቀው እንደሆነ ብዬ ነው። መሪጌታ "ትርጓሜ ሳይማሩ ሕዝቅኤልን መክፈት ዋና ሳይችሉ ዓባይ መግባት ነው" ብለውኛል። እኔም "ዳር ዳሩን ነው የምሄድ" አልኋቸው።

ዳር ዳሩን ስሄድ አንድ ሸለቆ ደረስሁ። አጥንት የሞላበት ሸለቆ፣ አጥንቱም እጅግ የደረቀ። መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ሚካኤል ብወርድ ያ ሸለቆ ቀድሞኝ ደርሶ ጠበቀኝ። ከቅጥሩ በታች ያለው ቦረቦር ዘንድሮ በክረምቱ ሰፍቶ መቃብሩን ከሥሩ በልቶታል። ጉሙ ሳይገፈፍ ብትደርስ ከተናደው አፈር ላይ ነጫጭ ነገር ተሰክቶ ታያለህ። እንጉዳይ ነው ብለህ ትቀርባለህ፤ የሰው ክንድ ነው። ምንም አያስፈራም፣ ልጄ። ሙታኑ አውቶብስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብለው አፈሩን ተደግፈዋል። ጉሙ ሲያልፍባቸው የሚተነፍሱ እየመሰለኝ ቆሜ ረፈደብኝ።

ደብሩ መክሮ፣ ሁሉም የየራሱን ሰው ለቅሞ፣ በሣጥን አድርጎ፣ ከላይኛው ሜዳ እንደገና እንዲቀብር ወስኗል። የሰኔ ሚካኤል ሳያልፍ፣ ዝናቡ ተመልሶ ሳይመጣ ማለት ነው። አባትህ ይሄይስም ከቦረቦሩ አፍ ላይ ነው ያለ። ልማዳችንን አትረሳውም፤ ሁለተኛ የሚቀበር ሰው ሣጥኑ መጀመሪያ በልጁ እጅ ነው የሚነሣው። እኔ ና አላልሁህም። እኔ ያልሁት ለአንድ ሰው የሚበቃ አቡጀዲ ላክ ነው። አባትህ ረጅም እንደነበር አስብ።

አጎትህ እጅጉ


ድሬዳዋ
ኅዳር 22 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአያ እጅጉ፤ ሚካኤል ከደጅዎ አይራቅ፣ ሳቅም ከአፍዎ አይንጠፍ።

ስለ መነጽሩ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ሻጩ "ዕድሜው ስንት ነው?" ሲለኝ "እሱ ዕድሜ የለውም" አልሁት፤ የሰጠኝ በዚያ ግምት ነው። አቡጀዲውን ግን አማርጬ ገዝቻለሁ። በጭነት መኪና ሹፌር እጅ እስከ ፍኖተ ሰላም ይመጣልዎታል።

ደብዳቤዎን ካነበብሁ ወዲህ እንቅልፌ ሌላ ሆኗል። የምንሠራው ወደ አይሻ በኩል ነው፤ ሐዲዱ በሙቀት ሲጣመም እናቃናለን። በሜዳው ላይ የሞቱ ግመሎች አጥንት ተበትኗል፤ ነፋስ ልጦ ልጦ አሸዋ አስመስሎታል። እየሠራሁ ሳየው አጥንት ነው። በቀትር ከፉርጎ ጥላ ሥር ጋደም ስል ግን ይነሣል። ግመሎቹ አንድ በአንድ ይቆማሉ፤ እንደ ጸናጽል እየተንሿሹ ወደ ምዕራብ ይሄዳሉ። በመካከላቸው አንድ ረጅም ሰው እያነከሰ ይሄዳል። የማየው ጀርባውን ነው። "አባቴ" ልል አፌን ስከፍት አሸዋ ይገባብኛል። ስነቃ ሐዲዱ ብቻ ለራሱ ያንጎራጉራል።

መምጣትን በሚመለከት፣ ለንግድ የወጣሁ አስመስለው ይጽፉልኛል፤ እኔም እንዲያ እያስመሰልሁ እመልሳለሁ። ዛሬ ግን እንዳለ ልበለው። ሀይሉ አባቴን በድንበር ጠብ ገደለው። ሀይሉ ራሱ በወባ ሲሞት ደሙ ልጁ አድማሴ ላይ ቀረ። የአባቴን ምንሽር አውርዳ እጄ ላይ ያስቀመጠችው እናቴ ናት። እኔና አድማሴ ደግሞ አንድ ወንዝ ዋኝተን ያደግን ነን። ወይ ልገድለው፣ ወይ ሊቀድመኝ፣ ወይ አገር ልለቅ ነበረ። ለቀቅሁ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "እናትህ ደህና ናት" ይሉኛል። "ሰላም በለው" አላለችም ወይ?

አክባሪዎ ላቀው


ከቡሬ ወጣ ብሎ
ጥር 14 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለልጄ ለላቀው፤ የጥምቀቱ በረከት እንደ ጠል ይውረድብህ፤ ለዚያ ለአሸዋ አገር ጠል አይበዛበትም።

አቡጀዲው ደርሷል። ጥሩ ጨርቅ ነው፤ ሱሪ ላሰፋበት አስቤ እግዜርን ፈርቼ ተውሁት። አሁን ደግሞ ያንኑ ያህል ድገምልኝ። ለምን እንደሆነ ከታች ታነበዋለህ፤ ዘለህ መጨረሻውን አትመልከት።

ሀይሉ ሲሞት ወገኖቹ ከአባትህ ራስጌ፣ ከፍ አድርገው እንደቀበሩት ታስታውሳለህ፤ በሞቱም ይብለጠው ብለው። ክረምቱ ግን ይህን ብልጠት አላወቀላቸውም። አፈሩ ሲናድ ከላይ የተቀበረው ሰውዬ ተንሸራቶ መጥቶ አባትህ እቅፍ ውስጥ ወድቋል። ለቀማው ዕለት እናትህ በአንድ በኩል፣ የሀይሉ ሚስት ታንጉት በሌላ በኩል መጡ። እኔ በመካከላቸው ሁለት ሰሌን አንጥፌ እንደ ገበያ ዳኛ ተቀመጥሁ። አባትህ ቅልጥሙን ተሰብሮ ወጌሻ እንደጠገነው አውቃለሁና ያንን ወዲያው ለይቼ ከእናትህ ፊት አኖርሁ። ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ።

ታንጉት አንድ ራስ ቅል አነሣችና "ይሄ የእኔ ነው" አለች።

እናትህ "በምን አወቅሽው?" አለቻት። ከአባትህ ቀብር ወዲህ ለታንጉት የጣለችላት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

"የፊት ጥርስ የለውም።"

"የእኔስ ሰውዬ የፊት ጥርስ ነበረው? ባልሽ አይደለም በሠርግሽ ቀን በዱላ ያረገፈው?"

"የባሌንስ ጥርስ ማን አረገፈው? ያንቺው እጁን አጣምሮ ይመለከት ነበር?"

እኔ "እንግዲያ አንዱ የአንዱን ጥርስ ወስዷል፤ ተቻችለዋል" ብል ሁለቱም በአንድ አፍ "አንተ ዝም በል" አሉኝ። ቀጥሎ ታንጉት ሳቋን መያዝ አቃታት። እናትህ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። መሳቋ ይሁን ማልቀሷ በአንተ መነጽር እንኳ አልለይ አለኝ።

ከዚያ ሴቶቹ እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ምንጩ ወረዱ። ሰሌኑን እንድጠብቅ እኔ ቀረሁ። ነፋስ የመጣው ያኔ ነው። ከየት አትበለኝ፤ ከአራቱም ማዕዘን ይመስለኛል። ጭጋጉ ተነሣ፣ የዋንዛው ቅጠል ተገለባበጠ፣ አንዲት ነጭ ቢራቢሮ በሰሌኑ ላይ እንደ ተኛ ሰው እስትንፋስ ከፍ ዝቅ እያለች አለፈች። ሲያባራ ሁለቱ ክምር አንድ ክምር ሆኖ አገኘሁት። አጥንት ወደ አጥንት ቀረበ ይላል ነቢዩ፤ የማን ወደ ማን እንደሆነ ግን አልጻፈም።

ሴቶቹ ተመልሰው አዩ። ታንጉት "አሮጌ ሰይጣን" አለችኝ። እናትህ ግን ተቀምጣ ክምሩን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

መሪጌታ ተጠርተው መጡ። "ማን ደፍሮ ይለያቸዋል?" አሉ። ነቢዩ ሁለት በትር በአንድ እጁ ይዞ አንድ እንዳደረጋቸው ነገሩን፤ እኔ ያን ገጽ ገና አልደረስሁበትም ነበር። ስለዚህ ሣጥን አንድ፣ ጉድጓድ አንድ፣ ተዝካር አንድ ሆነ። በደብራችን ልማድ ደግሞ በአንድ ጉድጓድ ያረፉ ሰዎች ልጆች ደም አይፈላለጉም፤ ሣጥኑን አብረው አንሥተው ሲያወርዱ ደሙም አብሮ ይወርዳል። አድማሴ በእግርጌ፣ አንተ በራስጌ። እስከዚያ ሣጥኑ በደጀ ሰላሙ ተቀምጧል።

እንግዲህ ሁለተኛው ጨርቅ ለምን እንደሆነ ገባህ። እናትህ ደህና ናት።

አጎትህ እጅጉ


ድሬዳዋ
መጋቢት 26 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለአያ እጅጉ፤ ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሰንብቷል። ልመልስ ተቀምጬ የቀደድሁት ወረቀት ብዙ ነው።

ነፋስ ቅልጥም ያነሣል ወይ? ወጌሻ የጠገነውን፣ እርስዎ ራስዎ ለይተው ያኖሩትን ቅልጥም? አባቴን ከገዳዩ ጋር የምጠቀልልበት ጨርቅ ላክ ይሉኛል፤ ያውም እየሳቁ። ዓይኑን የከደንሁት እኔ ነኝ። አገሩ "ወንድሙ ሞቶ ይቀልዳል" እያለ ሲያማዎት እኔ እዚህ ሆኜ በሐሳቤ እሟገትልዎ ነበር። አሁን ግን የምሟገትበት ቃል አጣሁ።

ሌላም እጠረጥራለሁ። ሣጥኑ ሰበብ ሆኖ እኔን አድማሴ ፊት ለማቆም ቢሆንስ? ወይም እሱን እኔ ፊት? ወገኖቻችን ምንሽሩን ዛሬም እንደሚወለውሉት ሰምቻለሁ። ጨርቅ አልክም። አልመጣምም።

ግመሎቹ ግን መነሣታቸውን አልተዉም። አሁን በመካከላቸው የሚሄዱት ሁለት ሰዎች ናቸው። የትኛው እንደሚያነክስ አልለይ አለኝ።

ላቀው


ከቡሬ ወጣ ብሎ
ሚያዝያ 27 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለልጄ ለላቀው፤ ትንሣኤው ሞትን እንደረገጠ ቁጣህንም ይርገጥልህ።

ተቆጣህ፤ ደግ አደረግህ። የከፋኝ "ጤና ይስጥልኝ" ብለህ መጀመርህ ብቻ ነው፤ እንዲያ የሚባለው ለግብር ሰብሳቢ ነው። ስለ ነፋሱ ነቢዩን ጠይቀው፤ የባሰ ነገር ሲያነሣ አይቷል።

አንድ ጊዜ ሳልቀልድ ልጻፍልህ፤ አልለመድሁትምና ፊደሌ ቢጣመም ታገሠኝ። ይሄይስ ወንድሜ ነበር። ገበያ ስወጣ "ደም የማይመልስ መቀነት ይታጠቅ" ብለው መቀነት አቀረቡልኝ፤ እየሳቅሁ ተቀብዬ ታጠቅሁት። ሞኝ ነው አሉኝ፤ ሞኝ ሆንሁላቸው፤ ሞኝን ማንም ግደል አይለውም። እናትህ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ደጄን አልረገጠችም። መንገድ ላይ ብንገናኝ ከብቶቼን ሰላም ትላለች እንጂ እኔን አትልም። "ሰላም በለው" ብላኝ እንደሆነ ጠይቀኸኝ ነበር። አላለችም። "አላለችም" ብሎ መጻፍ ስላቃተኝ ነው "ደህና ናት" የምልህ።

በነቢዩ አገር አንድ ተረት ነበር። አባቶች ጎምዛዛ ወይን በሉ፣ የልጆች ጥርስ ጠረሰ ይላሉ። ወይን እዚህ የለም፤ ሎሚ በለው። ይሄይስና ሀይሉ አንድ ጥማድ በማይሞላ ድንበር ሎሚ ሲመጡ ኖረው አለፉ፤ እህል ማኘክ ያቃታችሁ አንተና አድማሴ ናችሁ። እግዜር ለነቢዩ ምን እንዳለው ታውቃለህ? ይህን ተረት ከእንግዲህ አትተርቱት አለው። ልጅ የአባቱን በደል አይሸከምም አለው። መሪጌታን "የዚህስ ትርጓሜው ምንድን ነው?" አልኋቸው። ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና "ይህስ ትርጓሜ አይሻም፤ ወንድ ይሻል" አሉኝ።

አድማሴን ብታየው አታውቀውም። ጠመንጃ አንግቶ ያርሳል፣ ጠመንጃ አንግቶ ያጭዳል። ቆሎ እንኳ ሲበላ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነው። ከፋሲካ ማግስት ደጀ ሰላም ብገባ ከሣጥኑ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት።

"አንሣውና ተገላገል" አልሁት።

"ለብቻዬ ካነሣሁት የማነሣው አባቴን ብቻ ነው፣ አያ እጅጉ።" ከዚያም፣ "ላቀው ይመጣል?" አለኝ።

"አላውቅም።"

"ቢመጣ ይገድለኛል?"

"እሱንም አላውቅም።"

"ታዲያ ያን ሁሉ መጽሐፍ የሚያነቡት ምን ለማወቅ ነው?" አለኝ።

ነቢዩም "እነዚህ አጥንቶች ይድናሉ ወይ?" ሲባል ያለው "አንተ ታውቃለህ" ነው።

ጨርቁ ይቅር። ታንጉት የራሷን ነጠላ አውጥታ በአቡጀዲህ ላይ ደርባዋለች። ከአንተ የምፈልገው ጨርቅ አይደለም።

አጎትህ እጅጉ


ድሬዳዋ
ግንቦት 21 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአያ እጅጉ፤ ከእኔ ይጉደል እንጂ ከእርስዎ ጤናና ጨዋታ አይጉደል።

ላለፈው ክፉ ቃሌ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አድማሴ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ እንደሚበላ ጽፈውልኛል። ያን ያነበብሁት ምግብ ቤት ተቀምጬ ነው። ቀና ብል ጀርባዬ ግድግዳ ላይ ነው። ጓደኞቼ ዘወትር ይስቁብኛል፤ "ጎጃሜው ከማዕዘን አይወጣም" ይሉኛል። ለምን እንደሆነ ለራሴም ነግሬው አላውቅም ነበር። ሁለታችን በሁለት አገር አንድ ግድግዳ ተደግፈን ኖረናል።

ትናንት በቀትር ግመሎቹ አልተነሡም። ሜዳው ባዶ ነበር፤ ከሩቅ ውሃ የሚመስል ነገር ብቻ ይብለጨለጭ ነበር። የሚጠብቁኝ ሌላ ቦታ ሄደው ይሆናል ብዬ አሰብሁ።

አንድ ነገር እናቴን ይጠይቁልኝ። ያለ ምንሽር፣ ባዶ እጄን ብመጣ ቤቷ ታስገባኛለች ወይ? "አዎ" ካለች እመጣለሁ። ከአድማሴ ጋር ታርቄ ከእናቴ ደጅ ውጭ ከማድር ግን እዚሁ ብቀር ይሻለኛል። መልስዎን እጠብቃለሁ።

አክባሪዎ ላቀው


ከቡሬ ወጣ ብሎ
ሰኔ 11 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ የጰራቅሊጦስ ዕለት

ለልጄ ለላቀው፤ መንፈሱ እንደ ነፋስ በመጣበት በዚህ ቀን ደጅህንም ያንኳኳልህ።

ደብዳቤህ ፍኖተ ሰላም ተኝቶ ሰንብቶ ገና ትናንት ደረሰኝ። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ እናትህን ከዋርካው ሥር ጠበቅኋት። ደብዳቤህን ቃል በቃል አነበብሁላት፤ አንድ ፊደል አልጨመርሁበትም፣ ለእኔ ይህ ትልቅ ጾም ነው። ነጠላዋን አጣፋች። ሄደች። "አዎ" አለች ብዬ ልዋሽህ እችል ነበር፤ በአንተ ላይ ግን እንዲህ ያለ ውሸት አይመጣልኝም።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ሳይደርስህ ነገሩ ያልፋል። ነገ ሚካኤል ነው። ቦረቦሩ ከአሁኑ ማጉረምረም ጀምሯል፤ ከቀትር ወዲህ የሚወርደው ዝናብ አገሩን ሁሉ እንደ ሕልም አደብዝዞታል፤ ከደጄ ሆኜ ዛፉንና ሰውን አልለይም። ሣጥኑን ከዚህ በላይ ማቆየት አይቻልም። በራስጌው በአንተ ፋንታ እኔ እይዛለሁ። መሪጌታን "አጎት ለልጅ ይሆናል?" አልኋቸው። "ሣጥኑ ይወርዳል፤ ደሙ ግን አይወርድም" አሉኝ። አድማሴም "እሺ" ብሏል፤ ጠመንጃውን ከትከሻው ወደ ሌላው ትከሻው እያዛወረ። እንግዲህ እሱ እንደታጠቀ፣ አንተም እንደራቅህ ልትኖሩ ነው። እኔም እንግዲህ ለማን

ቆይ፤ በር ተንኳኳ።

እናትህ ናት። ከራስ እስከ እግሯ ረጥባለች። ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ምን እንደምላት ስለጠፋኝ ብዕሬን አልለቀቅሁም፤ የምንባባለውን እየጻፍሁ ነው።

"ምን ትጽፋለህ?" አለችኝ።

"ነገ በልጅሽ ፋንታ ሣጥኑን እኔ አነሣለሁ እያልሁ።"

"ሰርዘው።"

ለምን ብላት፣ አድማሴ አሁን ከደጇ ቆሞ እንደነበር ነገረችኝ። ጠመንጃውን ከአጥሩ ውጭ አስደግፎ ነው የገባው። ለነገ ጧፍ ሊገዛ ቡሬ ወጥቶ አንድ ሰው ከአውቶብስ ሲወርድ አየ። በጀርባው አወቀው። ሰውየው እጁ ላይ ምንም የለም፤ ወደዚህ የሚያመጣውን መንገድ ይዞ ጥቂት ይሄዳል፣ ተመልሶ ዝናቡን ከሱቅ ጥግ ይጠለላል። አድማሴም "እኔ ብጠራው ይደነግጣል፤ አንቺ ነሽ የምታመጪው" አላት።

"አንቺስ ምን አልሽው?" አልኋት።

"በቅሎህን ስጠኝ አልሁት።"

አንገቴን አውጥቼ ባይ የአድማሴ በቅሎ ከእነ ኮርቻዋ ደጄ ላይ ዝናቡን እያራገፈች ቆማለች።

"ተነሣ፣ ልጓሟን ያዝልኝ" አለችኝ። "ሳይመሽ እንድረስ።"

"ይችን መስመር ልጨርስ።"

"ለማን ነው የምትጽፈው?" አለችኝ። "ድሬዳዋ እኮ ሰው የለንም።"